የእርግዝና ስኳር አለብሽ ከተባልሽ፣ ከምርመራው እስከ አራስነት በኋላ

መጀመሪያ "ጣፋጭ አብዝቼ ነው" እያልሽ ራስሽን መውቀስ ተዪ፣ እኔም ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ስንት ቀን እሱን ሳብሰለስል ከርሜያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳርን ከደም የሚያወጣውን ኢንሱሊንሽን ያዳክሙታል፣ ቆሽትሽ ደሞ ጨምሮ አምርቶ ማካካስ ካቃተው ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ስኳሩ ወደ ልጁ ያልፋል፣ ያንቺ ኢንሱሊን ግን አያልፍም፣ ስለዚህ ልጁ የራሱን ኢንሱሊን እያመረተ ይወፍራል፣ ሲወለድ ደሞ ካንቺ የሚመጣው ስኳር ድንገት ሲቋረጥ የሱ ሊወርድ ይችላል። እንደተወለደ ተረከዙን ወግተው ሲለኩት እንዳትደነግጪ።

ምርመራው ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ነው። በባዶ ሆድ ደም ይወስዱና 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ ያጠጡሻል፣ ከዛ ከ1 ሰአትና ከ2 ሰአት በኋላ ይደግማሉ። ካስመለሰሽ ዝም አትበይ ንገሪያቸው፣ ውጤቱ አይታመንም። የአለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መስፈርት በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰአት በኋላ 180 ወይም ከ2 ሰአት በኋላ 153 (mg/dL በሚባለው መለኪያ) ከሶስቱ አንዱ ላይ ከደረስሽ የእርግዝና ስኳር ለመባል ይበቃል (ሌላ መስፈርት የሚጠቀሙም አሉ)። "በአንድ ቁጥር ብቻ ነው እኮ ያለፍኩት" የሚባል ነገር አለ አይደል? በ2008 የወጣው ሃፖ የሚባለው ጥናት ከ23 ሺ በላይ እናቶችን አይቶ ያገኘው፣ ስኳሩ በጨመረ ቁጥር ችግሩም ቀስ እያለ አብሮ እንደሚጨምር ነው፣ ከዚህ በታች ሰላም ከዚህ በላይ አደጋ የሚባል ስለታም መስመር የለም።

ቤት ስትለኪ መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢና በደንብ አድርቂ። እኔ አንዴ ብርቱካን ልጬ ወዲያው ስለካ 171 አለኝ፣ ልቤ ቀጥ አለ፣ ታጥቤ ስደግም 104። የጣትሽን መሃል ሳይሆን ጎኑን ውጊ፣ ያነሰ ያማል። ሰአቱ ደሞ የሚቆጠረው የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረስሽበት ደቂቃ ነው እንጂ በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ አይደለም፣ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከበላሽ ከ1 ሰአት በኋላ ከ140 በታች ወይም ከ2 ሰአት በኋላ ከ120 በታች፣ ሀኪምሽ ሌላ ቁጥር ከሰጠሽ ግን የሱን ያዢ። ማሽንሽ 5.3 ምናምን የሚል ከሆነ መለኪያው ሌላ (mmol/L) ስለሆነ ነው፣ በ18 አባዢው።

ምግብ ላይ መራብ መፍትሄ አይደለም። ከፋፍለሽ ብዪ፣ ጁሱን ትተሽ ፍሬውን ብዪ፣ ከምግብ በኋላ 10 ወይ 15 ደቂቃ ተራመጂ። ቁርስ ላይ ሰውነት የበለጠ ያስቸግራል፣ ምሳ ላይ ምንም ያላደረገሽ ዳቦ ጠዋት ሊሰቅልብሽ ይችላል። ይሄን ሁሉ አርገሽ ካልወረደ ኢንሱሊን ይጀመርልሻል፣ ስንፍና አይደለም፣ እንግዴ ልጁ ነው የሚታገልሽ። መታከሙ ዋጋ እንዳለው አውስትራሊያ 1000 እናቶች ላይ ተሰርቶ በ2005 የወጣው ጥናት አሳይቷል፣ ህፃናቱ ላይ የሚደርሰው ከባድ ችግር ከ4 ፐርሰንት ወደ 1 ወርዷል።

አሁን ዋናው፣ ሁሉም የሚዘለው። ስትወልጂ ስኳሩ ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ ሰዉም "በቃ ተገላገልሽ" ይልሻል። ግን ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ያንን 75 ግራም ደግመሽ መጠጣት አለብሽ። የሶስት ወር አማካይ የሚያሳየውን የስኳር ምርመራ (HbA1c) ብቻ አሰርተሽ እንዳትረኪ፣ ወሊድ ላይ ደም ስለሚፈስ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በ2020 የወጣ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የያዘ ጥናት የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ወደፊት ታይፕ 2 ስኳር የመያዝ እድሏ ወደ 10 እጥፍ እንደሚጠጋ ነው ያገኘው። ደግነቱ መከላከል ይቻላል፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 10 አመት የተከታተሏቸው የእርግዝና ስኳር የነበረባቸው ሴቶች ላይ አመጋገብና እንቅስቃሴ ማስተካከሉ የመያዝ እድሉን በ35 ፐርሰንት ገደማ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድሃኒት ደሞ በ40 ቀንሶታል። ጡት ማጥባትም ያግዛል።

እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ 8 ወር አሳልፌዋለሁ፣ እንቅልፍ የለ ምን የለ። አንቺ ግን የልጅሽ የክትባት ካርድ ላይ የራስሽንም ቀጠሮ በእስክሪብቶ ፃፊው፣ የሱን ክትባት መቼም አትረሺም። ውጤቱ ደህና ከሆነም በየ1 እስከ 3 አመቱ ተመርመሪ፣ ሌላ ካረገዝሽ ደሞ የመጀመሪያው ክትትል ላይ ተናገሪ፣ 24 ሳምንት ሳይጠብቁ ያዩልሻል።