የሚኒስትራችንን የኒውዮርክ ውሎ ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ የደመራ ችቦ መሸጥ ሲጀምር፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ወሬው ይቀየራል። ውሃ መጣ፣ መብራት ሄደ የሚለው ቀርቶ ስለ ኒውዮርክ ይሆናል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ከተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጎን ለጎን ያገኟቸው ሰዎች ፎቶ ይለጠፋል፣ ክርክሩም ይጧጧፋል። መከራከሩ ጥሩ ነው፤ ጉዳዩ የሀገር ነው። የሚያሳዝነኝ ባልሆነ ነገር ላይ ስንጣላ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ፎቶን እንደ ስምምነት መቁጠር ነው። ሁለት ሰዎች እየሳቁ ተጨባበጡ ማለት ተገናኙ ማለት ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት የ193 አባል አገሮች ልዑካን አንድ ከተማ ላይ ይከማቻሉ። በድርጅቱ ሕንፃ ውስጥ በጊዜያዊ ግድግዳ የተከፈሉ ትንንሽ ክፍሎች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። መሃል ላይ አስተርጓሚ ካለ ደግሞ ያቺው አጭር ሰዓት ለሁለት ትከፈላለች። እዚያ የሚሠራው መተዋወቅ፣ አቋምን ፊት ለፊት መናገር፣ ቀጣዩን ቀጠሮ መያዝ ነው። ይኼም ቀላል ሥራ አይደለም። ግን መግለጫው ላይ ቀን፣ ገንዘብ ወይም የሰነድ ስም ከሌለ ነገሩ ገና ነው።

የአንድ ወገን መግለጫ ብቻ አንብቦ መፍረድም አለ። የእኛ ሚኒስቴር እኛ ልናጎላው የፈለግነውን ይጽፋል፤ እነሱም የራሳቸውን። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቡ። የእኛው ስለ ኢንቨስትመንት ሲያወራ የእነሱ ስለ ስደተኞች ካወራ፣ ሁለቱም ሳይነሱ አልቀሩም። ልዩነቱ ማን ምን እንደሚያስጨንቀው ያሳያል። ሁለቱም የጻፉት ነገር ደግሞ የበለጠ ክብደት አለው።

“ከዚች ሚጢጢ አገር ጋር ምን አስቀመጣቸው?” የሚለውን አስተያየት ሳነብ ያንገበግበኛል። በጠቅላላ ጉባኤ ትልቅም ትንሽም አገር ያለው አንድ ድምፅ ነው። ግንቦት 1941 ዓ.ም. የጣሊያን የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ዕጣ ለጉባኤው ቀርቦ ነበር። ብሪታንያና ጣሊያን የተስማሙበት ዕቅድ ትሪፖሊታንያን (የዛሬዋን ሊቢያ ምዕራባዊ ክፍል) በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር ያደርጋል፤ አብዛኛውን የኤርትራ ክፍል ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር ይቀላቅላል። የትሪፖሊታንያው ሐሳብ ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። 33 ደገፉ፣ 17 ተቃወሙ። አንድ ድምፅ ጎደለ። ከተቃወሙት አንዱ የሄይቲው ተወካይ ኤሚል ሴን ሎ ነበሩ። ያ አንቀጽ ሲወድቅ ዕቅዱ በሙሉ ፈረሰ፣ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ይከራከሩ የነበሩት እነ አክሊሉ ሀብተወልድም እንደገና ከባዶ ጀመሩ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ የወሰነው ድምፅ 46 ለ10 ነበር። 46 ድምፅ ማለት 46 አገር ነው። የትኛዋ ሚጢጢ አገር ነገ እንደምታስፈልገን ዛሬ አናውቅም።

ሚኒስትራችን በጉባኤው አዳራሽ ሲናገሩ ባዶ ወንበር አይቶ “ተናቅን” ማለትም የተለመደ ነው። የአገሮቹ ንግግር ከጠዋት እስከ ማታ ለቀናት ይዘልቃል። አብዛኛው ሚኒስትር በዚያ ሰዓት እነዚያ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ስብሰባ ላይ ነው። ሆን ብሎ ረግጦ መውጣት የለም ማለቴ አይደለም። እሱ ሲሆን ግን ሰዎች ተያይዘው ሲነሱ በቪዲዮው ይታያል።

የድሮ ፎቶን እንደ አዲስ ሼር ማድረግን በሰዓት ብቻ ማጣራት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በመስከረም ኒውዮርክ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን “አሁን እየተወያዩ ነው” የሚል ፎቶ ከደረሰን፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ነው።

ጠቅላላ ጉባኤውን ከጸጥታው ምክር ቤት ጋር አናምታታ። ማዕቀብ መጣልና ጦር ማዝመት የሚችለው 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነው። የጉባኤው ውሳኔ በአብዛኛው አያስገድድም፤ የዓለምን ስሜት ግን ያሳያል።

በመጨረሻም፣ ተፈረመ ሲባል አለቀ ብሎ መደምደም። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ላይ መጀመሪያ የተፈረመው ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። የእኛ ፓርላማ በ2005 አጸደቀው። ሥራ ላይ የዋለው ግን ስድስተኛዋ አገር ደቡብ ሱዳን ካጸደቀች በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 መሠረት መንግሥት የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የኒውዮርኩ ግርግር ሲያበቃ ዓይናችንን አራት ኪሎ ላይ እናድርግ፤ ፓርላማው መስከረም መጨረሻ ሰኞ ይከፈታል።