በወሎ ደጋ ላይ ሮቦትና ድሮን ለመሥራት፦ ስሌቱ ከግዢው ይቅደም

በራሱ እጅ ሮቦት ወይም ድሮን ለመሥራት የተነሣ የደሴ፣ የወልድያ ወይም የወረኢሉ ወጣት አብዛኛውን ዕውቀት የሚቀስመው ከኢንተርኔት ነው። እዚያ የሚገኙት የሞተርና የፕሮፔለር (ድሮኑን የሚያነሣው ተሽከርካሪ ምላጭ) ሰንጠረዦች ግን በአብዛኛው ለባሕር ወለል በቀረበ ከፍታ የተለኩ ናቸው፤ ለማሳያ የሚቀርቡት ሮቦቶችም የሚነዱት በለሰለሰ የቤት ወለል ላይ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ዕቃ በመግዛት ሳይሆን እነዚያን ቁጥሮች ለዚህ አየርና ለዚህ መሬት እንደገና በማስላት ነው።

መጀመሪያ በጎማ የሚሄድ ሮቦት ይሥሩ። ጎማ ያለው ሮቦት ሲበላሽ ባለበት ይቆማል፤ ድሮን ሲበላሽ ግን ከነባትሪው ይወድቃል። ደግሞም ለድሮን የሚያስፈልገው የሞተር ቁጥጥር፣ የባትሪ አያያዝና የፕሮግራም ዕውቀት አብዛኛው መሬት ላይ የሚገኝ ነው።

ለሮቦቱ ሞተር ሲመርጡ የሚወጣውን ዳገት ያስቡ። ለምሳሌ አራት ሞተር ያለውና 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሮቦት 15 ዲግሪ ዘንበል ያለ መንገድ እንዲወጣ ከተፈለገ፣ ክብደቱ ብቻ በ5 ኒውተን ኃይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ሸካራ መሬት ላይ ያለው ሰበቃ ሲጨመርበት 7 ኒውተን ገደማ ይሆናል። የጎማው ራዲየስ 3.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አራቱ ሞተሮች በጋራ 0.25 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ኃይል መስጠት አለባቸው፤ ይህም ለእያንዳንዱ 0.06 ነው። ሞተር ግን እስከ መጨረሻ አቅሙ ሲሠራ ስለሚግልና ስለሚቃጠል፣ ሸክም በዝቶበት መሽከርከር በሚያቆምበት ጊዜ ያለው የማዞር ኃይል የዚህን ሦስት እጥፍ የሚያህል፣ ጥርሶቹም ብረት የሆኑ ሞተር ይምረጡ። በርካሽ መለማመጃዎች ውስጥ የሚመጡት ቢጫ የፕላስቲክ ሞተሮች ለክፍል ውስጥ ትምህርት ይበቃሉ እንጂ ለደሴ ኮብልስቶን ዳገት አይሆኑም።

ለአካሉ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩ ወርክሾፖች የሚተርፍ ቁርጥራጭ ወይም ቀጭን ኮምፔርሳቶ ይበቃል። በኤሌክትሮኒክሱ በኩል አርዱይኖ ወይም ኢኤስፒ 32 የተባሉት በፕሮግራም የሚታዘዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች (ማይክሮኮንትሮለሮች) ለጀማሪ ምቹ ናቸው። በስፋት የሚሸጠው ኤል 298 ኤን የሞተር መቆጣጠሪያ ራሱ 2 ቮልት ገደማ እንደሚበላ አስቀድመው ያስሉ፤ ለ6 ቮልት ሞተር 6 ቮልት ባትሪ ካገናኙ ሞተሩ የሚደርሰው 4 ብቻ ነው። ሮቦቱ ዳገት ላይ ሲደርስ ድንገት ጠፍቶ እንደገና የሚነሣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም፤ ሞተሮቹ ብዙ ከረንት ሲስቡ የባትሪው ቮልቴጅ ወርዶ ማይክሮኮንትሮለሩ ስለሚጠፋ ነው። መፍትሔው ለማይክሮኮንትሮለሩ የራሱን የቮልቴጅ ማስተካከያ መስጠትና የሁለቱን ወገን ኔጌቲቭ ሽቦዎች አንድ ላይ ማገናኘት ነው።

ወደ ድሮን ከመሻገር በፊት የፈቃድ ጉዳይ ይቀድማል። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ አንድም ክፍል ከማዘዝዎ በፊት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ኮምቦልቻና ላሊበላ የአውሮፕላን ማረፊያ ያለባቸው ከተሞች መሆናቸውንም አይርሱ። ከሕጉ በላይ የሚከብደው ግን የሰው ስሜት ነው፤ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ የድሮን ድምፅ ሕፃናትንና አረጋውያንን ያስደነግጣል። በመሆኑም ፈቃድ ቢኖርዎትም እንኳ የቀበሌውንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳያሳውቁ አያብርሩ፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ሥራው በጠረጴዛ ላይ ሙከራ ይወሰን።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት እንግባ። በባሕር ወለል ላይ የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ሲሆን በ2,500 ሜትር ላይ 0.96 ገደማ ይሆናል። ፕሮፔለር የሚሰጠው የማንሣት ኃይል ከአየሩ እፍጋት ጋር እኩል ስለሚቀንስ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሽከረከር ፕሮፔለር ደሴ ላይ የሚሰጠው ኃይል 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ 83 በመቶ ገደማ ነው። ሰንጠረዡ ለአንድ ሞተር 800 ግራም ብሎ ከጻፈ አራቱ በባሕር ወለል 3,200 ግራም ሲያነሡ ደሴ ላይ 2,500 ገደማ ያነሣሉ። ድሮን በደኅና እንዲታዘዝ ክብደቱ ከሙሉ የማንሣት ኃይሉ ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። እንግዲህ የክብደቱ ጣሪያ ከ1,600 ወደ 1,250 ግራም ወረደ ማለት ነው፤ በመካከሉ ያለው 350 ግራም የአንድ መካከለኛ ባትሪ ክብደት ያህላል።

የጠፋውን ኃይል በፕሮፔለር መመለስ ይቻላል። የማንሣት ኃይል ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ዲያሜትሩን 6 ወይም 7 በመቶ ማሳደግ በቂ ነው። ገበያ ላይ ያለው መጠን ግን ከ10 ኢንች ወደ 11 ሊዘል ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሞተሩ የሚስበው ከረንት በእጅጉ ስለሚጨምር ለአንድ ደቂቃ ካሠሩት በኋላ ሙቀቱን ይፈትሹ፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ አይጠቀሙበት። ፕሮፔለሩ ካልተቀየረ ደግሞ ያንኑ ክብደት አየር ላይ ይዞ ለመቆየት 13 በመቶ ገደማ ተጨማሪ የባትሪ ኃይል ያስፈልጋል፤ የበረራው ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል።

ቀጭን አየር ሞተሩን ስለማይከብደው በሙሉ ኃይል ሲሄድ በመጠኑ ይፈጥናል፤ እውነተኛው ኪሳራ ከስሌቱ ሊያንስ የሚችለው ለዚህ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚቻለው በመለካት ነው፤ መለኪያውም ቀላል ነው። ሁለት እኩል ክንድ ያለው የኤል ቅርጽ እንጨት በማዕዘኑ በኩል እንደ ልብ እንዲወዛወዝ አድርገው በብሎን ከአንድ መቆሚያ ጋር ይሰኩ፤ በቆመው ክንድ ጫፍ ሞተሩን ይግጠሙ፤ የተኛው ክንድ ጫፍ ደግሞ በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ይረፍ። ፕሮፔለሩ ሲገፋ ሚዛኑ ኃይሉን በግራም ያሳያል። መቆሚያው ከጠረጴዛው ጋር በደንብ ይታሰር፤ መነጽር ያድርጉ፤ ፕሮፔለሩ በሚዞርበት ጠለል፣ ማለትም በጎኖቹ በኩል፣ ማንም አይቁም። ከዚህ ሙከራ ውጭ በጠረጴዛ ላይ በሚሠራ ማናቸውም ሥራ ፕሮፔለር ከሞተሩ ይነቀል።

ድሮኑ የሚጠቀምበት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3.5 በታች አይውረድ፤ ሲቀመጥ 3.8 ላይ ይቀመጥ። የደጋው የጠዋት ብርድ የባትሪውን አቅም ስለሚቀንስ ከመጠቀምዎ በፊት በኪስ ውስጥ ማሞቅ ይጠቅማል። የድሮኑን ኮምፓስ ሲያስተካክሉ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከብረት አጥር ይራቁ፤ የወሎ ደጋ አለት አብዛኛው ብረት ያዘለ ባዛልት ስለሆነም በአለት ላይ አስቀምጠው አያስተካክሉ።

ፈቃዱ ተገኝቶ የመጀመሪያው በረራ ሲደርስ ነፋስ ባልተነሣበት ጠዋት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርገው ለአጭር ጊዜ ያቁሙት፤ ከዚያም አውርደው ፍላይት ኮንትሮለሩ (በረራውን የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) የመዘገበውን ያንብቡ። በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚጫነው አርዱፓይለት የተባለው ፕሮግራም ድሮኑ አየር ላይ ቆሞ ሳለ ከሙሉ ኃይሉ የተጠቀመውን መጠን ይመዘግባል። ይህ መጠን ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ድሮኑ ነፋስ ሲመታው ራሱን የሚያስተካክልበት ትርፍ ኃይል አይኖረውም፤ ክብደት ሳይቀንሱ ወይም ፕሮፔለሩን ሳያሳድጉ ከዚያ ከፍታ በላይ አይውሰዱት።