የሃዞፕ መዝገብ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ገላን አካባቢ ባለ የቡታ ጋዝ መሙያ ጣቢያ የቆየ የሃዞፕ መዝገብ እንዳገላብጥ ተሰጠኝ። ሃዞፕ ማለት ቡድን ተሰብስቦ በጣቢያው ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ መንስኤውን፣ መዘዙንና መከላከያውን በየተራ የሚመረምርበት ዘዴ ነው። ገጽ በገጽ «ተረኛው ይከታተላል» ይላል። ምኑን? በየትኛው ጌጅ? መዝገብ የሚጻፈው ስብሰባው ላይ ላልነበረ ሰው መሆኑ ተረስቷል።

«ችግር የለም፣ የደህንነት ቫልቩ ይከፈታል»

በመዘዝ ዓምድ ይህን ካያችሁ፣ ቡድኑ መከላከያውን አስቀድሞ ቆጥሮታል ማለት ነው። ቫልቩ ተጣብቆ ቢቀርስ? መዘዙን መከላከያ እንደሌለ አድርጋችሁ እስከ ጥግ ጻፉት፦ ቦቴው ሲገለብጥ ታንኩ ከልክ በላይ ይሞላል፤ ቀትር ላይ ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ባዶው ቦታ ሲያልቅ ግፊቱ ያሻቅባል፤ ታንኩ ይቀደዳል። ከአየር የከበደው ጋዝ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳት ያለበት ይደርሳል። መከላከያዎቹ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው፣ እያንዳንዱ ከነመለያ ቁጥሩ።

«የቫልቭ ብልሽት»

በመንስኤ ዓምድ ይህ የሰነፍ መልስ ነው። የትኛው ቫልቭ? ክፍት ሆኖ ቀረ ወይስ ተዘግቶ? እ.ኤ.አ. በ1966 ፈረንሳይ፣ ፌዚን ውስጥ ከፕሮፔን ታንክ ውሃ ሲያስወጡ ቫልቩ በረዶ ይዞት አልዘጋ አለ፤ 18 ሰዎች ሞቱ። ቫልቩ እኮ አልተበላሸም፤ የሚተነው ፕሮፔን ነው ያቀዘቀዘው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ሁኔታውን ጻፉ፦ «ውሃ በማስወጫ ሰዓት በረዶ ይዞት ክፍት ቀረ»።

የግፊት ቁጥሮች በሩብ ባር ሲለያዩ

ጌጅ ተበላሸ ብላችሁ አትሩጡ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 1.01። ጌጁ ያሳየውን ወደ ፍጹም ግፊት (የአየሩ ግፊት ተደምሮበት) ሲቀይሩ አንዱ 0.77፣ ሌላው 1.01 ደምሮ ይሆናል፤ ወይም ከውጭ የመጣው ሰንጠረዥ የተሰላው ለባሕር ጠለል ነው። ከቁጥሩ ጎን የጌጅ ይሁን ፍጹም፣ በየትኛው የአየር ግፊት እንደተሰላም ይጻፍ።

ምክረ ሐሳቡ ሁሉ «ይጣራ» ከሆነ

ቡድኑ ቸኩሏል፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ማን፣ እስከ መቼ፣ ምን ሲሟላ እንደሚዘጋ ጨምሩ።

የቧንቧ ንድፉና ጣቢያው ካልተገናኙ

ከስብሰባው በፊት ንድፉን ይዛችሁ ቧንቧውን በእግር ተከተሉ፣ ቀይ እስክሪብቶ አይለያችሁ። ገላን ላይ ስንዞር ከፓምፑ ጀርባ ንድፉ የማያውቀው ማለፊያ መስመር (ዋናውን መንገድ ዘሎ የሚሄድ ቧንቧ) አገኘን፤ ቫልቩም ክፍት ነበር።