ብር ከመላክዎ በፊት የቆጣሪውን ፎቶ ይጠይቁ

ስልኩ የጮኸው በእኔ ሌሊት ነው። እቴቴ ናት። ጤናዬን ጠይቃ ስታበቃ እንደገና ጤናዬን ስትጠይቅ ነገሩ ገንዘብ ነክ መሆኑ ገባኝ። «የግል የውሃ ቆጣሪ ገባልን ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ የመጣው ሒሳብ ግን ራስ ያዞራል» አለች። ደረሰኙ ላይ የወሩ ፍጆታ 60 ሜትር ኩብ ይላል። ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ነው። የሚኖሩበት እሷ፣ ሁለት ልጆቿና ሰርቪስ ቤቱን የተከራየ አንድ ወጣት ናቸው።

እኔም ውጭ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ብሩን በዶላር መነዘርኩት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ክፉኛ ያሳስታል፤ አገር ቤት ያለው ሒሳብ ሁሉ ለእኛ ትንሽ ይመስለናል። «ልኬ ልገላገል» ብዬ ላክሁ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ 64 መጣ። ያን ጊዜ ነው ሒሳቡን በብርም በዶላርም ትቼ በጀሪካን ያሰላሁት።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ነው። 60 ሜትር ኩብ 3,000 ጀሪካን፣ በቀን 100 ጀሪካን ይሆናል። አንድ ሰው በቀን 3 ጀሪካን ይጨርሳል ብንል እንኳ አራቱ ሰዎች በወር ከ7 ሜትር ኩብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ልብስ አጠባውንና እንግዳውን ጨምረን 9 እንበል። እቴቴ በቀን 100 ጀሪካን የምታፈስስበት ቦታ የላትም። እንግዲህ ወይ ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ወይ ውሃው የሚሄድበት ሌላ መንገድ አለው።

መሀል ከተማ ያደገ ሰው የጋራ ቆጣሪን ያውቀዋል። በአንድ ግቢ ያሉ አምስትና ስድስት ቤቶች በአንዱ ስም በወጣ ቆጣሪ ይጠቀማሉ፤ ሒሳቡ ሲመጣ በቤተሰብ ብዛት ይካፈላሉ፤ ልጅ የበዛበትና ብቻውን የሚኖር ሰው በዚያው ይኮራረፋሉ። የውሃ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር በመሆኑ የብዙ ቤት ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲቆጠር የመጨረሻዎቹ ሜትር ኩቦች በውድ ዋጋ ይወድቃሉ። ስለዚህ የግል ቆጣሪ ማስገባት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሒሳቡ መቀነስም ነበረበት። ሲጨምር ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው ነው፦ ተከራዩ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ቆጣሪ አንባቢው። በሩቅ ሆኖ ሰው መጠርጠር ደግሞ ቀላል ነው። እባክዎ መጀመሪያ ቧንቧውን ይጠርጥሩ።

የመጀመሪያው ሥራ ፎቶ ነው። አንድ ፎቶ አይበቃም፤ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ያስፈልጋሉ። ፎቶው የቆጣሪውን መለያ ቁጥርና ንባቡን አንድ ላይ ማሳየት አለበት። መለያ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ፤ ብዙ ቆጣሪ ከተደረደረበት ግድግዳ ላይ የጎረቤትን ፎቶ አንስቶ መላክ የተለመደ ስሕተት ነው። ጥቁሮቹ አኃዞች ሙሉ ሜትር ኩብ ናቸው። ቀዮቹ አኃዞችና ቀይ መርፌዎቹ ክፍልፋዩን ያሳያሉ፤ ከጥቁሮቹ ጋር አብረው እንዳይነበቡ። ከዚያ የደረሰኙን የቀድሞና የአሁን ንባብ ከፎቶው ጋር ያስተያዩ። ደረሰኙ ላይ ያለው የአሁን ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው የሚበልጥ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ስሕተቱ የንባብ ነው፣ በቀጥታ ወደ ቅርንጫፉ ይኬዳል።

በሁለት ንባቦች መካከል ስንት ቀን እንዳለም ይቁጠሩ። ቆጣሪው ከተቆለፈ በር ኋላ ከሆነ አንባቢው አንድ ወር ሳያነብ ያልፋል፤ በሚቀጥለው ወር የሁለቱ ወር ፍጆታ ተደምሮ ሲመጣ ወደ ላይኛው የታሪፍ ደረጃ ይወጣል። ወራቱ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውንም አይርሱ፤ የጥቅምቱን ደረሰኝ ከኦክቶበር የባንክ መግለጫዎ ጋር አስተያይተው ዘመድ የሚወቅሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ንባቡ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ወደ ፍሳሽ ፍለጋ እንሂድ። የአዲስ አበባ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሌላ አገር የሚሰጠው ምክር «ማታ ሁሉንም ዘግተህ ጠዋት ቁጥሩን እይ» የሚል ነው። እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለገዳዲ፣ ድሬ፣ ገፈርሳና የአቃቂ ጉድጓዶች የሚሰጡት ውሃ ለከተማዋ ስለማይዳረስ ሰፈሮች ተራ ይጠብቃሉ። መስመሩ ባዶ በሆነበት ማታ ቆጣሪውን ቢያዩት፣ ቧንቧው ከሥር እንደ ወንፊት ቢሆንም እንኳ ንቅንቅ አይልም። ፍተሻው የግድ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት መደረግ አለበት።

አደራረጉ እንዲህ ነው። አብዛኛው ቤት አሁን ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር) ስላለው ፍተሻው ሁለት ደረጃ ይኖረዋል። በመጀመሪያ በቀጥታ ከመስመር የሚቀዱትን ቧንቧዎች ሁሉና ወደ ሮቶው የሚገባውን መዝጊያ ይዝጉ። አሁን ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ኮከብ የመሰለች ተሽከርካሪ ይመልከቱ። ከዞረች ችግሩ በቆጣሪውና በሮቶው መካከል፣ ብዙ ጊዜም መሬት ውስጥ ነው። ካልዞረች የሮቶውን መዝጊያ ይክፈቱና እስኪሞላ ይጠብቁ። ሞልቶም ኮከቧ መዞሯን ካላቆመች ጥፋቱ ሮቶው ላይ ወይም ከሮቶው በኋላ ነው።

ከሮቶው በኋላ ያለውን ማግኘት አያስቸግርም። ሽንት ቤቱን ለመፈተሽ ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃ ከመቀመጫው ኋላ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ ይቆዩ፤ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ ያንጠባጥባል። የሚያንጠባጥብ ነገር ካገኙ ደግሞ ለክተው ይመኑ። የ1 ሊትር ጆግ በ2 ደቂቃ የሚሞላ ፍሳሽ በሰዓት 30፣ በቀን 720 ሊትር ነው፤ በወር ከ21 ሜትር ኩብ ይበልጣል። ይህን የሚያህል ውሃ ሽንት ቤት ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሊሄድ ይችላል።

የእኛን ፍተሻ ያደረገው የእቴቴ ትልቁ ልጅ ነው። እኔ በቪዲዮ ተቀመጥኩ። ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ቧንቧው አፏጨ፤ በመጀመሪያ የመጣው አየር ነው። አየርም ቆጣሪ ያዞራል፤ ውሃ መምጣቱን ለመስማት ቧንቧ ከፍተው ባልዲ ደቅነው የሚተኙ ሰዎች ስለ አየሩም፣ ስለሚፈስሰው ውሃም ይከፍላሉ። ልጁ ሁሉን ዘግቶ ስልኩን ኮከቧ ላይ ያዘ። ዞረች፤ ቆመች። ሁለት ደቂቃ ቆይታ እንደገና ፈጥና ዞረች፤ ቆመች። እኔ «ቧንቧው ፈንድቷል» ብዬ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የበርሜል ድምፅ የሰማው ልጁ ነው። የተቀደደ ቧንቧ እንዲህ አያደርግም፤ እኩል ነው የሚያፈስሰው። እየቆመ የሚሄድ ውሃ የሚቀዳ እጅ አለው።

እጁ የጎረቤታችን የጋሼ እጅ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ቆጣሪያችንን ያስገባው የቧንቧ ሠራተኛ አዲሱን መስመር ከማድ ቤቱ ሥር ካለው የድሮ ብረት ቧንቧ ጋር ገጥሞት ሄዷል። ከዚያ ቧንቧ የጋሼ ቤት ቅጥያ እንደሚነሳ ማንም አላስታወሰም። ጋሼ ደግሞ በየወሩ መዋጮውን ለድሮው ባለቆጣሪ ሳያጓድል ይከፍላል። እኛ ውሃውን፣ እሱ ገንዘቡን ለሌላ ሰው ስንሰጥ ሁለት ወር አለፈ። መሀል ከተማ ውስጥ የግል ቆጣሪ ሲያስገቡ ከሠራተኛው የሚጠይቁት ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ከቆጣሪው በኋላ ያለው መስመር አዲስ ነው ወይስ ከድሮው ጋር ተገጠመ? ቅጥያዎቹስ ተቆርጠው ተደፈኑ?» ቱቦው ሳይቀበር በፊት ፎቶ ያስነሱ። ለአዲስ ቱቦ የሚወጣውን ገንዘብ የቆጠበ ኋላ ይጸጸታል።

ጋሼ ግን 50 ሜትር ኩብ አልጠጣም። ስንገምት ድርሻው ከ8 አይበልጥም። በሚቀጥለው የፈረቃ ሌሊት የሮቶውን መዝጊያ ከፍተን ጠበቅን። ሮቶው ሞላ፤ ኮከቧ መዞሯን ቀጠለች። ሲሞላ ውሃውን የምትዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰብራለች። የትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ በግድግዳው ወርዶ በቀጥታ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ስለገባ ከግቢው ውስጥ ጠብታም አይታይም። ልጁ ቱቦውን ፈትቶ ጀሪካን ደቀነበት፤ በ2 ደቂቃ ሞላ። በደቂቃ 10 ሊትር ማለት ነው። ውሃው በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ በየሌሊቱ 6 ሰዓት ሲቆይ በአራት ሳምንት 43 ሜትር ኩብ ወደ ቦይ ይወርዳል። በዚህ ላይ የእኛን 9 እና የጋሼን 8 ደምሩበት። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰኙን አመንኩት። የትርፍ ውሃ ቱቦ ሰው በሚያልፍበት፣ በሚያናድድ ቦታ ላይ ሊፈስስ ይገባል እላለሁ።

ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስሰው ውሃ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ስለዚህ እኛ አቤቱታ አላቀረብንም። ንባቡ ከተሳሳተ ወይም ሁሉ ተዘግቶና ፍሳሽ ጠፍቶ ቆጣሪው ከዞረ ግን ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ቤቱ ለሚገኝበት ቅርንጫፍ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ማመልከቻው ላይ የደንበኛ ቁጥሩ፣ የቆጣሪው መለያ ቁጥር፣ ቀን ያላቸው ፎቶዎችና ያለፉት ወራት ደረሰኞች ይያያዙ፤ የሚጠየቀው ነገርም ተለይቶ ይጻፍ፦ ንባቡ እንደገና ይታይልኝ፣ ወይም ቆጣሪው ይመርመርልኝ። በቃል ነግሮ መመለስ ልፋት ብቻ ነው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ የተሰጠውን ቁጥር በፎቶ ያስልኩ።

ማን ያመልክት? ውሉ በእርስዎ ስም ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። ባሉበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተሰጠ ውክልና አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል አልፎ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ይፈቅዳል፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ግን የሚፈልገው የተጻፈውን ነው። ስለዚህ «ከውሃና ከመብራት አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ ቀርቦ ውል እንዲዋዋል፣ ቅሬታ እንዲያቀርብ፣ ቆጣሪ እንዲያስገባና እንዲያስነሳ» ብለው በግልጽ ያስጽፉ። ጸሐፊው ከልማድ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የምትለዋን ሐረግ ቢጨምርባት ያስወጡት። ለውሃ ሒሳብ ብሎ ቤት የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ሰው የለም፤ ሳያነብ የፈረመ ግን ሞልቷል። ውሉ በሟች አባት ወይም እናት ስም ከሆነ ነገሩ በወራሽነት ማስረጃ ስለሚጀምር ችግር ሳይመጣ ቢጨርሱት ይሻላል።

ክፍያው ራሱ ቀላል ሆኗል። «ለሁሉ» የሚባለው የሒሳብ መክፈያ ማዕከል ደጃፍ ተሰልፈን የምናስታውስ ሰዎች እንደንቃለን፤ አሁን የደንበኛ ቁጥሩን የያዘ ሰው በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ከቤቱ ይከፍላል። ይህ ምቾት አንድ ክፋት አለው፦ ደረሰኙን ማንም አያየውም። ብሩን ለሚከፍለው ዘመድዎ ከመላክዎ በፊት የወሩን ንባብ በፎቶ ይጠይቁ፤ በአንድ ደብተር ላይም ቀኑንና ቁጥሩን ይመዝግቡ። ለመጠየቅ ካፈሩ «ደረሰኙን ይዤ እንድከራከርላችሁ» ይበሉ። እቴቴ ቁጥጥር ነው ብላ ሁለት ቀን ካኮረፈችኝ በኋላ የተቀበለችው በዚህ አነጋገር ነው።

ተከራይ ካለ የውሃው ጉዳይ ውሉ ላይ ይግባ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ ኪራይ እንደ ልብ መጨመርንም አይፈቅድም። የውሃ ኪሳራን በኪራይ ጭማሪ አካክሳለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት ይተዉት። ለሰርቪስ ቤቱ የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል፤ የንባቡ ቀን ከዋናው ቆጣሪ ጋር አንድ ቢሆን ጭቅጭቁ ይቀንሳል። የእኛን ተከራይ ግን ሳንጠይቀው በልባችን ስለጠረጠርነው እቴቴ ቡና አፍልታ ጠራችው፤ ምክንያቱን አልነገረችውም።

የጋሼ ነገር በሽማግሌ አለቀ። ያለፈውን ተውንለት፤ ቅጥያው ከመቆረጡ በፊትም ውሃ የሚያገኝበትን እስኪያዘጋጅ ሁለት ሳምንት ሰጠነው። የሮቶው ኳስ ተቀየረች፤ የትርፍ ውሃው ቱቦ ዞሮ እቴቴ ደጃፍ ላይ፣ ቡና የምታፈላበት ቦታ አጠገብ እንዲወርድ ተደረገ። ባለፈው ወር 10 ሜትር ኩብ መጣ። በፈረቃው ሌሊት ልጁ ከመተኛቱ በፊት አንዲት መልእክት ይልክልኛል፤ በእኔ ሰዓት ከሥራ ስወጣ ትደርሰኛለች፦ «ኮከቧ ቆማለች።»