የሬዲን የዝንብ ሙከራ እንዴት ትደግሙታላችሁ?

ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ተብሎ ይታመን ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ትሉ የሚወጣው ዝንብ ከምትጥለው እንቁላል መሆኑን በሙከራ አሳይቶ ይህን ውድቅ አደረገው። እናንተም ሞክሩት።

በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ጥሬ ሥጋ ጨምሩ። አንዱን ክፍት ተዉት። ሁለተኛውን በፕላስቲክ ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ጋዝ ስለሚጠራቀም ጠንካራ ክዳን ይቅርባችሁ። ሦስተኛው ላይ ስስ ሻሽ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩ።

ዋናው ነገር ሻሹ ነው! የታሸገውን ብቻ ብታሳዩ ተከራካሪ «አየር ስላልገባ ነው ትል የጠፋው» ሊላችሁ ይችላል፤ ሬዲም ለዚህ መልስ እንዲሆነው አየር የሚያሳልፍ፣ ዝንብ ግን የማያስገባ ስስ ጨርቅ ተጠቀመ። በጣም የምወደው ይህን እርምጃውን ነው።

ሦስቱንም ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ እንስሳ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ዝንብ ሻሹ ላይ እንቁላል ልትጥል ስለምትችል ሻሹ ሥጋውን እንዳይነካ አድርጉ። በየቀኑ ያያችሁትን ጻፉ፣ የጠበቃችሁትን አይደለም። ስትጨርሱ በጓንት አስወግዱት።