የጠጠር ርጭት ልስን በብሎኬት ግድግዳ ላይ እንዴት ይሠራል?

የግቢ አጥራችሁ ወይም የቤታችሁ የውጭ ግድግዳ ብሎኬቱ እንዳፈጠጠ ከቆየ፣ ሁሉም ሰው የሚነግራችሁ ያው ነው። «ለስልሶ ይለሰን፣ ከዚያ ኳርትዝ ቀለም ቀባው።» ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሌላም መንገድ አለ። ጠጠሩ ከሲሚንቶና ከአሸዋው ጋር አብሮ ይቦካና በግንበኛ ማንኪያ ግድግዳው ላይ ይወረወራል። በቃ፣ እንደወደቀ ይቀራል፤ የሚያለሰልሰው የለም። በእጅ በሚዞር ማሽን የሚረጨውን ቲሮሊን ታውቁታላችሁ፤ ይሄ የእሱ ታላቅ ወንድም በሉት። ቲሮሊኑ ደቃቅ ነው፣ ይሄኛው ጠጠር አለበት፣ ማሽንም አይፈልግም። ስኮትላንዶች ዝናባቸው አያባራምና ግንቦቻቸውን ሳይቀር ለዘመናት እንዲህ ሲረጩ ኖረዋል፤ የድሮዎቹ በኖራ ነበር የሚሠሩት።

ለምን ወደድኩት? ሻካራው ገጽ ላይ የዝናቡ ውሃ ይበታተናል፣ እንደ ለስላሳ ልስን በአንድ መስመር አይወርድም። ቀጫጭን ስንጥቅ ቢመጣ በጠጠሩ መሀል አይታይም። ግንበኛው ትንሽ ቢያጣምምም ይሸፍንለታል። አንድ ነገር ግን አይሸፍንም፦ መሀል ላይ ማቆምን። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ከረጫችሁ መጋጠሚያው ቤቱ እስካለ ድረስ ይታያል። ለዚህ ነው ከሥራው አብዛኛው ከመወርወሩ በፊት የሚያልቀው።

እንቅፋቱንም ልንገራችሁ። አቧራ ይይዛል፣ የሸረሪት ድርም ይወዳል። በረንዳ ላይና ልጆች በሚሯሯጡበት ጠባብ መተላለፊያ አትሥሩት፤ ክንድ ይልጣል። ከተሠራ በኋላ ማንሳት ደግሞ ከመሥራት ይብሳል።

መቼ ይሠራ?

ክረምቱ ወጥቶ ብሎኬቱ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከጥቅምት በኋላ ጥሩ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጠላታችሁ ፀሐይ ነች። ጥላን ተከተሉ። ወደ ምዕራብ የሚያየውን ግድግዳ ጠዋት፣ ወደ ምሥራቅ የሚያየውን ከሰዓት። በጠራራ ፀሐይ የተረጨ ልስን ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውሃው ያልቅበትና በጣት ሲነካ ይረግፋል።

ኤሌክትሪሺያንና ቧንቧ ሠራተኛ ሥራቸውን ጨርሰው ይሂዱ። እኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ርጭቱ አልቆ፣ አምሮ፣ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ልኬ፣ በሁለተኛው ቀን ኤሌክትሪሺያኑ መሮና መዶሻ ይዞ ከተፍ አለ። የበር መብራቱን ሽቦ ረስቶታል። ከበሩ በላይ የጠገንኩት ቦታ ዛሬም እንደ አዲስ እራፊ ነው የሚያበራው።

ግድግዳውን ማዘጋጀት

ሲገነባ የተንጠባጠበ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) በመዶሻ ይነሳ፣ አቧራው ይጠረግ። በብሎኬት መሀል የተከፈተ ክፍተት ካለ ድፈኑት። ኮለንና ቢም (የኮንክሪቱ ቋሚና አግዳሚ) ከብሎኬት ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ የዶሮ ሽቦ ምቱበት፣ ከመጋጠሚያው በግራም በቀኝም 15 ሳንቲም ያህል ይሸፍን። ኮንክሪትና ብሎኬት ሙቀት ሲመጣ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ብዙ ቤት ላይ በኮለኑ ጎን ቀጥ ብሎ የሚወርደው ስንጥቅ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ከመሬት 15 ሳንቲም ያህል ከፍ ብላችሁ ጣውላ በውሃ ልክ ምቱና ርጭቱ እዚያ ላይ ያብቃ። መሬት ድረስ ካወረዳችሁት ልስኑ እርጥበት ከታች እየጠጣ በአንድ ክረምት ያብጣል። መስኮትና በር በላስቲክ ይሸፈን። መሬቱም ላይ ላስቲክ አንጥፉ፤ የሚወድቀው ጠጠር ቀላል አይደለም።

አሸዋና ጠጠር

አሸዋ ላይ አትሸወዱ። ግልጽ የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሳንቲም ያህል አሸዋ አድርጉ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩ፣ በደንብ በጥብጡና ለሰዓታት አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ ለስላሳ ጭቃ ይተኛል። ያ ጭቃ ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሻጩ «ይሄማ የወንዝ አሸዋ ነው» ይላል፤ ጠርሙሱን አሳዩት።

ለጠጠሩ ከ3 እስከ 8 ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ ድንጋይ ነው የሚያስፈልገው። ጠጠር ቤት «ዜሮ ዜሮ» የሚሉት ለዚህ ይሆናል፣ ግን የወፍጮው ዱቄት ተጣብቆበት ነው የሚመጣው፤ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ እጠቡት። ቀይ አሽ አትጠቀሙ። ቀላል ነው፣ ቆንጆም ነው፣ ግን ውሃ ይጠጣል።

ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት) ቢሆን ይበቃል። ኖራ ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ ውህዱን ያጣብቀዋል፣ ስንጥቅም ይቀንሳል። መለኪያችሁ አካፋ አይሁን። የአንዱ አካፋ ሙሉ፣ የሌላው ጎዶሎ ነው። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲም የሆነ ሳጥን አሠሩ፤ 36 ሊትር ይይዛል፣ ከአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል።

ከሥር ያሉት ሁለት ልስኖች

መጀመሪያ ቀጭን ርጭት። አንድ ሲሚንቶ ለሁለት ሻካራ አሸዋ፣ ቀጠን አድርጋችሁ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት። ሥራው ለቀጣዩ ልስን ጥርስ መሆን ነው፤ አታስተካክሉት። አንድ ሁለት ቀን ውሃ እየረጫችሁ ተዉት።

ቀጥሎ ሁለተኛው ልስን ይመጣል። አንድ ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኖራ፣ አራት አሸዋ። ኖራ ከሌለ አንድ ለአራት። ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይለሰን፣ በስታጃ (ቀጥ ባለ ረጅም ማስተካከያ ዘንግ) ይሳብ፣ ገና እርጥብ እያለ በሚስማር እንደ ሞገድ ይቧጠጥ። ከዚያ አንድ ሳምንት። አዎ፣ አንድ ሳምንት! ሠራተኛው «ነገ እንጨርሰዋለን» ቢላችሁ ቡና አፍሉለትና እምቢ በሉት። ልስን ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ተሰብስቦ ሳይጨርስ ላዩ ላይ ሌላ ከጫናችሁበት ላይኛውን ይዞት ይሰነጠቃል።

እግረ መንገድ አንድ ሕግ ያዙ፦ ላይኛው ልስን ከታችኛው አይበርታ። ሲሚንቶ ባበዛሁ ቁጥር ይጠነክርልኛል የሚል ሰው ልስኑን በቅርፊት መልክ ከመሬት ይለቅመዋል።

ዋናው ርጭት

ውህዱ አንድ ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኖራ፣ ሦስት አሸዋ፣ አንድ ተኩል ጠጠር ነው። መጀመሪያ በደረቁ አዋህዱት፣ ከዚያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ። ልኩን በወጥ ልንገራችሁ፦ ከተጋቢኖ ቀጠን፣ ከሽሮ ፈሰስ ወፈር። በማንኪያ አንስታችሁ ስታዘነብሉት ዝግ ብሎ ከተንሸራተተ ደርሷል። ጠጠሩ ባልዲው ሥር ከተኛ ቀጥኗል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ያዳርሳል፤ የሚወድቀው ብዙ ስለሆነ ከዚህ በላይ አትጠብቁ።

ግድግዳውን ከዋዜማው ማታ አርጥቡት፣ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ድገሙት። ከዚያ በመዳፋችሁ ትንሽ ውሃ ምቱበት። እልም አድርጎ ከጠጣው ገና ይጠማል። ውሃው ግድግዳው ላይ እያብረቀረቀ ከወረደ በዝቷል፣ ጠብቁት። የሚፈለገው ጠቆር ያለ ግን የማያብረቀርቅ ነው።

አሁን ጓንትና መነጽር። ቀልድ አይደለም፣ የሚወረወረው ጠጠር ይነጥራል፣ ሲሚንቶም ዓይን ያቃጥላል።

ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ። ትንሽ ማንኪያ ወይም ጠርዙ የታጠፈ ጣሳ ላይ የጭብጥ ያህል ውህድ ያዙ። ክንዳችሁን ሳይሆን አንጓችሁን አሠሩት፤ በጣት ላይ የቀረ ውሃ ስታራግፉ አንጓችሁ የሚሠራውን ታውቁታላችሁ፣ እሱ ነው። ውህዱ በአየር ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ግድግዳውን በጥፊ ይመታል። ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል። «ጧ!» ካለ ተጣብቋል፣ «ቧ» ካለ ጉብታ ሆኖ ወድቋል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁሉም ሰው ቧ ነው። ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ግድግዳ ጀምሩ።

ከላይ ወደ ታች ውረዱ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንዱን ፊት በአንድ ጊዜ ጨርሱ። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ያቦካል፣ ሁለቱ ይረጫሉ። የሁለት ሰው እጅ አንድ ስለማይሆን በየተወሰነ ጊዜ ቦታ ይቀያየሩ፣ አለዚያ ግድግዳው ግማሹ የእከሌ ግማሹ የእከሌ ይሆናል። የግድ ማቆም ካለባችሁ በማዕዘን ወይም በውሃ መውረጃ ቱቦ ጀርባ ላይ ብቻ።

ውፍረቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው። የሳሳ ቦታ ካያችሁ እርጥብ እያለ ሌላ ወርውሩበት። በማንኪያ አትዳብሱት! አንድ ጊዜ የተዳበሰ ቦታ ሁሌ ለብቻው ያብረቀርቃል። መሬት የወደቀውንም ሰብስባችሁ መልሳችሁ አትርጩ፤ አፈር ይዟል።

ከዚያ በኋላ

በማግስቱ ጠዋት መርጨት ጀምሩ፣ በቀጭን ውሃ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን። ፀሐይ የሚበረታበት ፊት ላይ እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠል፣ ግን ልስኑን ሳይነካ። የታችኛውን ጣውላ በሦስተኛው ቀን ቀስ ብላችሁ አንሱት።

ቀለም ከፈለጋችሁ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆዩ። ግራጫ ለሚወድ ሰው ግራጫውም ያምራል፤ እኔ አልቀባሁትም። ከቀባችሁ ጸጉረ ረጅም ሮለር ተጠቀሙ፣ ለስላሳ ግድግዳ ከሚወስደው ቀለም ብዙ የበለጠ እንደሚጠጣ ግን ከወዲሁ አስሉት።

ከተረፈው አሸዋና ከታጠበው ጠጠር አንዳንድ ጆንያ ጥግ ላይ አስቀሩ። በኋላ የምትገዙት በመልክም በመጠንም አይገጥምም፣ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ መመለሱ አይቀርም።