ሐርላን ሳይቆፍሩ ከስር ያለውን ማየት

አቦ ድሬዎች፣ ሐርላ (ድሬ አጠገብ ያለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ) ሄዶ ያንን የሚያክል ድንጋይ ያየ ሁሉ "ቆፍረን እንየው" ነው የሚለው። ረጋ በሉ። የተቆፈረ ቦታ ተመልሶ አይገኝም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ በማሽን ይታያል፣ ለሱም ቢሆን ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አዋጅ 209/1992 ቁፋሮን ብቻ ሳይሆን ፍለጋና ጥናትንም ያለፈቃድ ይከለክላል።

ማሽን ሳትከራዩ በፊት ቦታውን በእግር ዙሩና ገበሬዎቹን ጠይቁ። ማረሻው የት ጋ ድንጋይ እንደሚመታ፣ ማሽላው የት ጋ ቶሎ እንደሚጠወልግ እነሱ ያውቁታል (ከስር ግንብ ካለ አፈሩ ስስ ስለሆነ ውሃ አይዝም)። ገል፣ ዶቃ፣ ዛጎል ካያችሁ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ እንጂ ኪሳችሁ አትክተቱት። ደግሞ 42ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ በድሬና በሐረር መሃል ነው የሚያልፈው፣ ድሬ ዩቲኤም (ምድርን በዞን የሚከፍል የካርታ መለኪያ) ዞን 37 ሐረር ግን ዞን 38፣ ይሄን ሳያዩ ዳታውን አንድ ላይ ከጨመሩት ካርታው ይተራመሳል።

ከዛ 20 በ20 ሜትር ግሪድ (የመለኪያ አራት ማዕዘን) በሲባጎና በእንጨት ካስማ ወጥሩ፣ ብረት ካስማ አይሆንም።

ምድጃና የተቃጠለ አፈር የምትፈልጉ ከሆነ ማግኔቶሜትር (የመሬቱን ማግኔት ከቦታ ቦታ የሚለካ ማሽን) ነው። አፈር ውስጥ ያለው ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ግሎ ሲበርድ የዚያን ጊዜ የምድርን ማግኔት አቅጣጫ ይዞ ይቀራል፣ ሐርላ ደግሞ ጌጣጌጥ ይሠራበት ስለነበር ጥሩ ምርጫ ነው። ችግሩ ብረት፦ ቆርቆሮ ቤት፣ ሽቦ አጥር፣ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ሳይቀር ምስሉን ያበላሻል፣ ማሽኑን የሚይዘው ሰውም ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ ስልክ ሁሉ አውልቆ ነው የሚገባው። ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ቦታ ከሆነ ግን አትልፉ፣ ድንጋዩ ራሱ ማግኔት አለው።

ለግንብ ሬዚስቲቪቲ (ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ አፈሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም መለካት) ይሻላል፣ ድንጋይ ከርጥብ አፈር ይልቅ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መስከረም መጨረሻ ላይ ሥሩት፣ ጥር ላይ አፈሩ ደርቆ ዘንጉ ንባብ አይሰጥም። በዘንጎቹ መሃል ግማሽ ሜትር ከሆነ የምታዩት እስከ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

ጂፒአር (የራዳር ሞገድ ወደ መሬት የሚልክ ማሽን) በተቃራኒው ደረቅ ይወዳል፣ ሸክላማ አፈር ላይ ሲግናሉ ይሞታል። 400 ሜጋኸርዝ አንቴና በደህና አፈር አንድ ሁለት ሜትር ያሳያል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ድንጋይ በተነጠፈ መንገድ ላይ ዘንግ መትከል ስለማይቻል ያለው አማራጭ እሱ ነው፣ ብቻ የውሃ ቧንቧውም አብሮ ስለሚወጣ ቧንቧው በየት እንዳለፈ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ምስሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አየሁ ብላችሁ "ግንብ ነው" አትበሉ፣ የድሮ እርከንም ሊሆን ይችላል። በሌላ ዘዴ ድገሙት፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ካሳዩ ቆፍሮ ማረጋገጡ ፈቃድ ላለው አርኪዮሎጂስት ይተው። ምስሉን ከነኮኦርዲኔቱ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ካለ ግን ለወርቅ ፈላጊ መንገድ መራ ማለት ነው። ወርቅ ያሳያል ወይ ለምትሉ፣ ማግኔቶሜትር ወርቅን ጭራሽ አያየውም።